ሥራዬን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ? እርካታን፣ ምኞትንና ችሎታን ማመዛዘኛ መመሪያ

«ሥራዬ ሰልችቶኛል፤ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ብዙ ጊዜ ተከትሎት የሚመጣው ደግሞ «ሌላ ሙያ አምሮኛል፤ ግን እችለው ይሆን?» የሚል ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በተናጠል ከምመልስ አሠራሩን በሙሉ እዚህ ጻፍኩት።

ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ላይ እንስማማ። «ሥራህን ትወደዋለህ?» የሚለው ጥያቄ ብዙም አይረዳም። አንድ ሥራ በውስጡ አሥርና አሥራ አምስት ዓይነት ተግባር ይኖረዋል። አንዱ ያነቃቃል፣ ሌላው ጉልበት ይጨርሳል፣ ሌላው እንዲሁ ያልፋል። ስለዚህ የምንመረምረው ተግባሮቹን አንድ በአንድ ነው። ተግባሮቹን የለየ ሰው የትኛውን መያዝ፣ የትኛውን መተው እንዳለበት ቀስ በቀስ ራሱ ያየዋል።

ምዝገባው ሁለት ሳምንት ይወስዳል። ማመዛዘኑ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። ሙከራው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈልጋል። በአንድ ማታ ለመጨረስ የሚሞክር ሰው ያገኘው የዚያን ማታ ስሜቱን ብቻ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተርና ሁለት ቀለም እስክርቢቶ። ስልክም ይሠራል፤ ገጽ እየገለጡ ለማነጻጸር ግን ደብተር ይሻላል።
- የሥራ መዘርዝራችሁ ወይም የቅጥር ደብዳቤያችሁ
- ያለፉት አንድ ሁለት የሥራ አፈጻጸም ግምገማዎች፣ ካሉ
- ከምትመኙት ሙያ አምስት የክፍት ሥራ ማስታወቂያዎች
- ሥራችሁን በቅርብ ያዩ ሦስት ሰዎች
- የወር ወጪያችሁ ዝርዝር

ገና ተመርቃችሁ ሥራ የምትፈልጉ ከሆነ በሥራ ቀን ፈንታ የተግባር ልምምድ፣ የበጎ ፈቃድ ወይም የትምህርት ቀናችሁን መዝግቡ። አሠራሩ አይለወጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ያለ ምክንያት የምታለቅሱ ከሆነ ወይም በሕይወት የመቀጠል ፍላጎታችሁ ከቀነሰ ይህን መመሪያ ለጊዜው አስቀምጡትና መጀመሪያ የጤና ባለሙያ አማክሩ። በሥራ ቦታ ጥቃት ወይም ትንኮሳ እየደረሰባችሁ ከሆነም ነጥብ መስጠት አያስፈልግም። የሆነውን ከነቀኑ ጽፋችሁ ያዙ፣ የምታምኑትን ሰው ንገሩ፣ ደኅንነታችሁን አስቀድሙ።

ደረጃ 1፦ አሥር የሥራ ቀን መዝግቡ

በቀን ሁለት ጊዜ፣ ከምሳ በፊትና ከሥራ ስትወጡ፣ አምስት አምስት ደቂቃ ስጡት። ገጹን ለሦስት ክፈሉት፦ የሠራሁት፣ ነጥብ፣ ምክንያት። ነጥቡ ከ-2 እስከ +2 ነው። -2 «ይህን ዳግም ባልሠራው» ማለት ነው። 0 «ምንም አልመሰለኝም» ነው። +2 ደግሞ «ሰዓቱ እንዴት እንደሄደ አላወቅኩም»።

እንበል አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ «ሒሳብ አንገፍግፎኛል» ትላለች። የአንድ ቀን ማስታወሻዋ እንዲህ ይነበባል፦

- የባንክ ሒሳብ ማስታረቅ፦ +1። የጠፋችው ቁጥር ስትገኝ ደስ አለኝ።
- ያልተሟላ ደረሰኝ ይዘው የመጡ ሠራተኞችን ማስተናገድ፦ -2። አንዱን ነገር ሦስቴ አስረድቼ ተጨቃጨቅን።
- የወር መዝጊያ ሪፖርት መጻፍ፦ 0። የለመድኩት ነው።
- ለአዲሱ ልጅ የክፍያ ሰነድ አዘገጃጀት ማሳየት፦ +2። ሲገባው ፊቱ ላይ ታየኝ።
- የክፍሉ ስብሰባ፦ -1። እኔን የሚመለከት ነገር አልነበረውም።

ልብ በሉ፤ ሒሳቡ ራሱ +1 ነው ያገኘው። ያንገፈገፋት ጭቅጭቁ ነው። በእርግጥ በአንድ ቀን አይፈረድም። የምንፈልገው በአሥሩ ቀን ውስጥ የሚደጋገመውን ነው።

ይህ ደረጃ ለምን ያስፈልጋል? ያለፈን ጊዜ ስናስታውስ የሁሉንም ሰዓት አማካይ አንይዝም። ጎልቶ የሚቀረው በጣም የከረረው ቅጽበትና መጨረሻው ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ካህነማንና ባልደረቦቹ ይህን በሙከራ አሳይተዋል። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከአለቃው ጋር የተጋጨ ሰው ሳምንቱን በሙሉ ጨለማ አድርጎ የሚያስታውሰው ለዚህ ነው። ደብተሩ ግን ማክሰኞ ጠዋት ደህና እንደነበር ይነግረዋል።

ሁለት ጥንቃቄ አለ። አንደኛ፣ ምዝገባውን በተለየ ሳምንት አትጀምሩ። የዓመት መዝጊያ፣ የዝውውር ወሬ፣ የደሞዝ ጭማሪ የተሰማበት ሳምንት ሁሉ ውጤቱን ያዛባል። ሁለተኛ፣ በምክንያቱ አምድ ላይ «ሥራ በዛ» ብላችሁ አትለፉት። የትኛው ሥራ? ከማን የመጣ? ስንት ሰዓት የወሰደ?

አሥሩ ቀን ሲያልቅ +1ና +2 ያገኙትን በአንዱ ቀለም፣ -1ና -2 ያገኙትን በሌላው ክበቡ። ከዚያ በሁለቱም በኩል ከሁለት ጊዜ በላይ የተደጋገሙትን ለብቻ አውጥታችሁ ጻፉ።

ደረጃ 2፦ ቅሬታውን በሦስት ክፈሉት

የተከበቡትን አሉታዊ ነጥቦች ውሰዱና እያንዳንዳቸውን ከእነዚህ በአንዱ ሥር አስገቡ፦

ሀ. ሥራው ራሱ። ተግባሩን መሥራቱ ነው የሚያስጠላኝ።
ለ. የሥራው ሁኔታ። ደሞዝ፣ አለቃ፣ የሥራ ሰዓት፣ ርቀት፣ መመሪያ፣ የባልደረቦች ጠባይ።
ሐ. የእኔ አቅም። ድካም፣ ሕመም፣ የቤት ችግር፣ ረጅም ጊዜ ያለ ዕረፍት መሥራት።

የዚህ መመሪያ ወሳኝ ቦታ ይህ ይመስለኛል። ብዙ ሰው የ«ለ»ን ችግር ለመፍታት ሙያውን ይቀይራል። አዲሱ ሙያ ውስጥም ያው ዓይነት አለቃና ያው ዓይነት ሰዓት ይጠብቀዋል። በተቃራኒው ችግሩ «ሀ» ላይ ሆኖ ሳለ መሥሪያ ቤት እየቀያየረ ዓመታት የሚያሳልፍም አለ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፍሬድሪክ ኸርዝበርግና ባልደረቦቹ መሐንዲሶችንና የሒሳብ ባለሙያዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት ጥናት እዚህ ይጠቅመናል። ሰዎቹ የተከፉበትን ጊዜ ሲያወሩ በብዛት ያነሡት ደሞዝን፣ የቅርብ ኃላፊንና የመሥሪያ ቤቱን አሠራር ነው። የረኩበትን ጊዜ ሲያወሩ ግን ያነሡት የሠሩት ነገር መሳካቱን፣ ዕውቅናን፣ ኃላፊነትንና ሥራውን ራሱን ነው። ክፍፍሉ እንዲህ ጥርት አይልም ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ። ለእኛ የሚበቃን ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ ደሞዝ ሲስተካከል ቅሬታው ይቀንሳል፤ የማትወዱትን ተግባር ግን አያስወድዳችሁም።

የት እንደምታስገቡት ግራ የገባችሁ ነጥብ ካለ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ጠይቁበት። «ደሞዙ እጥፍ ሆኖ፣ አለቃው ተቀይሮ፣ ይህንኑ ተግባር ብሠራ ነጥቡ ይለወጣል?» ከተለወጠ «ለ» ነው። «ሁለት ሳምንት በደንብ ዐርፌ ብመለስ ይለወጣል?» ከተለወጠ «ሐ» ነው። ሁለቱም ካልለወጡት «ሀ» ላይ አስቀምጡት።

«ሐ»ን አትናቁት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው የበሽታዎች ምደባው ላይ ከሥራ ጋር የተያያዘ መዛልን በሦስት ምልክቶች ገልጾታል፦ ኃይል ማለቅ፣ ከሥራው በሐሳብ መራቅ ወይም ሥራውን በአሉታዊ ወይም በንቀት ዓይን ማየት፣ የሥራ ውጤታማነት መቀነስ። ምንጩ በአግባቡ ያልተያዘ የቆየ የሥራ ጫና ነው። እንዲህ የዛለ ሰው ድሮ የሚወደውንም ተግባር -2 ይሰጠዋል። ስለዚህ ነጥቦቻችሁ በአብዛኛው «ሐ» ላይ ከወደቁ መጀመሪያ ዕረፍት ውሰዱ፣ የሥራ ጫናውን ከኃላፊያችሁ ጋር ተነጋገሩበት፣ ከዚያ ደረጃ 1ን እንደገና ጀምሩ። በደከመ ዓይን የተሠራ መዝገብ ላይ ተመሥርቶ ሙያ አይቀየርም።

ደረጃ 3፦ ምኞታችሁን ወደ ዕለት ሥራ አውርዱት

«ሥራ አስኪያጅ መሆን እፈልጋለሁ» ያለ ሰው የተናገረው ማዕረጉን ነው። ሥራ አስኪያጅ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ምን ይሠራል? የሁለት ሠራተኞች ጠብ ይዳኛል። ስለ በጀት ይከራከራል። ሥራው የላላበትን ሰው ቁጭ አድርጎ ያናግራል። ሌላው ላጠፋው እሱ ይጠየቃል። ይህን ማክሰኞ ከፈለጋችሁት ምኞቱ እውነተኛ ነው።

የሰበሰባችኋቸውን አምስት ማስታወቂያዎች አውጡና «ተግባርና ኃላፊነት» በሚለው ሥር ያሉትን አስምሩባቸው። ቢያንስ በሦስቱ ላይ የተደጋገሙት የሙያው የዕለት ሥራ ናቸው። ከነዚህ አምስቱን ዋና ዋና መርጣችሁ ደብተሩ ላይ ገልብጡ።

ቀጥሎ ሙያው ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች አናግሩ። አንዱ የቆየ፣ ሌላው ከገባ ሁለት ዓመት ያልሞላው ቢሆን ይመረጣል። የቆየው ሰው ጀማሪ የሚያየውን ፈተና ረስቶታል። «ሥራው እንዴት ነው?» አትበሏቸው፤ «አሪፍ ነው» ይሏችሁና ወሬው እዚያ ያልቃል። ይልቅስ እንዲህ ጠይቁ፦

- ትናንት ከገባህ እስክትወጣ ምን ምን ሠራህ?
- ከሥራህ ውስጥ ለሌላ ሰው አስረክበህ ብትገላገለው ደስ የሚልህ የቱ ነው?
- ሰዎች ይህን ሥራ ጀምረው የሚተዉት በምን ምክንያት ነው?
- አዲስ ሰው ስትቀጥሩ መጀመሪያ የምታዩት ምንድን ነው?

ሁለተኛውን ጥያቄ አትዝለሉት። ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈው የሥራው ክፍል የሚወጣው በእሱ ነው።

በመጨረሻ ምኞቱ የራሳችሁ መሆኑን አረጋግጡ። «ይህን ሥራ እንደምሠራ ለማንም መናገር ባይፈቀድልኝ እሠራው ነበር?» ብላችሁ ራሳችሁን ጠይቁ። መልሱ «አይ» ከሆነ የምትፈልጉት ምናልባት የቤተሰብ ኩራት ወይም የጓደኛን ያህል መታየት ነው። ነውር የለውም፤ ግን ቀኑን ሙሉ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ።

ደረጃ 4፦ ችሎታችሁን በማስረጃ ጻፉ

«ጎበዝ ነኝ»ም ሆነ «አልችልም» ማስረጃ አይደለም። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር እ.ኤ.አ. በ1999 ባወጡት ጥናት ፈተና ላይ ዝቅተኛ ውጤት ያመጡ ሰዎች ራሳቸውን ከውጤታቸው በጣም አስበልጠው ገምተው ነበር። ከፍተኛ ውጤት ያመጡት ደግሞ ከሌሎች ጋር ሲነጻጸሩ ያላቸውን ቦታ ዝቅ አድርገው ገመቱ። ሁለቱም ስሕተት ዋጋ ያስከፍላል።

አራት አምድ አስምሩ፦ ችሎታው፣ የሠራሁበት ምሳሌ፣ መቼ፣ ማን አየው። ምሳሌ ያልተገኘለት ችሎታ ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም። ከዚያ ደረጃ ስጡት፦

0፦ ሠርቼው አላውቅም።
1፦ በሰው እገዛ እሠራለሁ።
2፦ ብቻዬን እሠራለሁ።
3፦ ለሌላ ሰው አሠለጥናለሁ።

«ጥሩ»፣ «በጣም ጥሩ» የሚሉ ቃላትን አትጠቀሙ። ለአንዱ ጥሩ የሆነው ለሌላው መካከለኛ ነው። «ብቻዬን ሠርቼዋለሁ ወይ?» የሚለው ግን አያከራክርም።

ሦስቱን ሰዎች የምትጠሯቸው እዚህ ነው። «ጎበዝ ነኝ ወይ?» ብላችሁ አታስጨንቋቸው፤ በይሉኝታ «አዎ» ይላሉ። «ምን ዓይነት ነገር ሲቸግርህ ነው ወደ እኔ የምትመጣው? የትኛውን ሥራስ ለእኔ አትሰጠኝም?» በሏቸው። ሦስቱም አንድ ነገር ካነሡ፣ እናንተ ባታምኑበትም ጻፉት። ያለፈው ግምገማችሁም ላይ ተደጋግሞ የተጻፈ ነገር ካለ ጨምሩበት።

አንድ ወጥመድ እዚህ አለ። የምትችሉት ሁሉ የምትወዱት አይደለም። አንድን ተግባር አሳምራችሁ ስለሠራችሁ ዓመት ከዓመት እሱኑ ይጭኑባችኋል። ችሎታው 3 ሆኖ በደረጃ 1 መዝገብ ላይ -2 ያገኘ ተግባር ካያችሁ በቀይ ምልክት አድርጉበት። አዲስ ሥራ ስትፈልጉ ሲቪያችሁ ላይ ጎልቶ መውጣት የለበትም፤ ካወጣችሁት የሚቀጥራችሁ ሰው ለዚያው ይቀጥራችኋል።

ደረጃ 5፦ አገናኙት

ከደረጃ 3 ያወጣችኋቸውን አምስት ተግባራት ወደ ታች ጻፉ። በአጠገባቸው ሁለት ቁጥር አስቀምጡ፦ የችሎታ ደረጃ (0-3) እና ተመሳሳይ ነገር ስትሠሩ ደብተሩ ላይ ያገኘው ነጥብ። ሠርታችሁት የማታውቁት ከሆነ የነጥቡን ቦታ ባዶ ተዉት። በግምት አትሙሉት።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ሙያዋን ወደ ሥልጠና ማዞር አሰበች እንበል። ዝርዝሯ ይህን ይመስላል፦

- የሥልጠና ፍላጎት መለየት፦ ችሎታ 0፣ ነጥብ ባዶ
- የሥልጠና ጽሑፍ ማዘጋጀት፦ ችሎታ 1፣ ነጥብ ባዶ
- ለሰው ማስረዳት፦ ችሎታ 2፣ ነጥብ +2
- ውጤቱን መገምገም፦ ችሎታ 0፣ ነጥብ ባዶ
- ሪፖርት መጻፍ፦ ችሎታ 3፣ ነጥብ 0

ከዚህ የምናነበው «ትችላለች» ወይም «አትችልም» የሚል አይደለም። አንድ ጠንካራ ምልክት አላት፤ እሱም ለአንድ ሰው በማስረዳት የመጣ ነው። ሃያ ሰው ፊት ስትቆም ምን እንደሚሰማት ገና አልታወቀም። ባዶዎቹ ቦታዎች መሞከር ያለባት ምን እንደሆነ ይነግሯታል።

ክፍተት ስታገኙ ዓይነቱን ለዩ፤ መድኃኒቱ ይለያያልና። የዕውቀት ክፍተት በንባብና በኮርስ ይሞላል። የልምድ ክፍተት በመሥራት ብቻ ነው የሚሞላው፤ አምስት ሰርተፊኬት ብትደረድሩም አይሞላም። የማስረጃ ክፍተት፣ ማለትም ፈቃድ ወይም ዲግሪ በሕግ የሚጠየቅበት ሙያ፣ ምንም ያህል ብትችሉ ወረቀቱን ይፈልጋል። የሁኔታ ክፍተት ደግሞ ገንዘብ፣ ጊዜና የቤተሰብ ኃላፊነት ነው፤ በዕቅድና በጊዜ ሰሌዳ ነው የሚፈታው። ብዙ ሰው የልምድ ክፍተቱን በኮርስ ሊሞላ ሲደክም አያለሁ። ኮርሱ ይቀላል፤ ማንም አይገመግመንም፣ አንሳሳትም። ግን ወደፊት አያራምድም።

ደረጃ 6፦ ሳትለቁ ሞክሩት

ሙከራው ትንሽ፣ ጊዜው የተወሰነ፣ በእውነተኛ ሰው ፊት የሚሠራ ይሁን። መጀመሪያ አሁን ያላችሁበትን ሥራ ተመልከቱ። ተመራማሪዎቹ ኤሚ ሬዝነስኪና ጄን ደተን እ.ኤ.አ. በ2001 እንደገለጹት ሠራተኞች ሥራቸውን በሦስት መንገድ ራሳቸው ይቀርጹታል፦ የሚሠሩትን ተግባር በመጨመር ወይም በመቀነስ፣ በሥራ ላይ ከሰዎች ጋር ያላቸውን ግንኙነት በመለወጥ፣ ሥራውን የሚያዩበትን መንገድ በመለወጥ።

የሒሳብ ሠራተኛዋ ለኃላፊዋ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ «ያልተሟላ ደረሰኝ በየቀኑ ጊዜያችንን ይበላል። ለሌሎች ክፍሎች ሠራተኞች የአንድ ሰዓት ማብራሪያ ላዘጋጅ?» ይህች አንድ ሰዓት ብዙ ትሠራለች። የሥልጠና ጽሑፍ ታዘጋጃለች፣ ሰው ፊት ትቆማለች፣ ከወር በኋላ ያልተሟላው ደረሰኝ መቀነሱን ቆጥራ ውጤቱን ትገመግማለች። ከሦስት ባዶ ቦታዎች ሁለቱ በነጥብ ተሞሉ ማለት ነው። ምናልባትም ያ -2 ጭቅጭቅ ይቀንስላታል።

ከመሞከራችሁ በፊት ሁለት ዓረፍተ ነገር ጽፋችሁ ቀን አስፍሩበት፦ «ይህን ካየሁ እቀጥላለሁ» እና «ይህን ካየሁ እተወዋለሁ»። አስቀድሞ ካልተጻፈ በኋላ ልባችን ወዳደላበት እንተረጉመዋለን።

ማስጠንቀቂያ፦ ከመሥሪያ ቤት ውጭ የምትሞክሩ ከሆነ የቅጥር ውላችሁ ተጨማሪ ሥራ የሚከለክል መሆን አለመሆኑን አንብቡ። የመሥሪያ ቤቱን ሰዓት፣ ኮምፒውተርና መረጃ ለግል ሙከራ አትጠቀሙ።

ደረጃ 7፦ ወስኑ

አማራጮቹ ከቀላል ወደ ከባድ እንዲህ ይደረደራሉ፦ ባላችሁበት ሆኖ ተግባሩን ማስተካከል፣ እዚያው መሥሪያ ቤት ክፍል መቀየር፣ ሙያውን ይዞ መሥሪያ ቤት መቀየር፣ ሙያ መቀየር። ችግራችሁን የሚፈታውን ከሁሉም ቀላሉን ምረጡ። ቅሬታው «ለ» ላይ ከበዛ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ይበቃል። «ሀ» ላይ ከበዛና ሙከራው ጥሩ ምልክት ካሳየ አራተኛውን ማሰብ ትችላላችሁ።

ሙያ ለመቀየር ከወሰናችሁ የወር ወጪያችሁን አውጡ። አዲሱ ገቢ እስኪመጣ ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር የሚያኖር ገንዘብ ከሌላችሁ የመልቀቂያውን ቀን አርቁት። ችግር የያዘው ሰው ያገኘውን ሥራ ይቀበላል፤ እስካሁን የሠራችሁት ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

በብዛት የሚሠሩ ስሕተቶች

*በተናደዱበት ቀን መልቀቂያ ማስገባት።* ጻፉት፤ ግን ሰባት ቀን ሳይሞላው አታስገቡት። በሰባተኛው ቀንም ያው ከሆነ ውሳኔው የንዴት አይደለም።

*የመስመር ላይ ፈተና ውጤትን እንደ ፍርድ መቀበል።* ብዙዎቹ የሙያ ፈተናዎች የተመሠረቱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆን ሆላንድ በለያቸው ስድስት የፍላጎት ዓይነቶች ላይ ነው፦ የእጅ ሥራ፣ ምርምር፣ ኪነ ጥበብ፣ ሰው መርዳት፣ ንግድና አመራር፣ የመዝገብና የሥርዓት ሥራ። ዝንባሌን ይጠቁማሉ፤ ችሎታን ግን አይለኩም። ለደረጃ 3 መነሻ አድርጓቸው እንጂ ደረጃ 4ን አያስቀሩላችሁም።

*የራስን ጓዳ ከሌላው ሳሎን ጋር ማወዳደር።* ጓደኛችሁ የሚነግራችሁ የ+2 ቀኑን ነው። ካወዳደራችሁ የእሱንም አሥር ቀን ጠይቁት።

*መዝገቡን በአራተኛው ቀን ማቋረጥ።* አንድ ቀን ከዘለላችሁ በትዝታ አትሙሉት። አንድ ቀን ወደ መጨረሻው ጨምሩና ቀጥሉ።

*አንድ ጊዜ ሠርቶ መተው።* ውሳኔያችሁ ምንም ይሁን ምን ከሦስት ወር በኋላ አምስት ቀን እንደገና መዝግቡ። ቀኑን አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉት፣ የድሮውን ደብተርም አትጣሉት፤ ሁለቱን ገጾች ጎን ለጎን ታነባላችሁ።